መሪውን ማን ነካው

ኢየሩ ጠርጥራ ተሳስታ አታውቅም ይባል ነበር። ይህን አብዝታ የምትናገረው ግን ራሷ ኢየሩ ነበረች። በልጅነቷ የጎረቤቱን አውራ ዶሮ ማን እንደወሰደው ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድማ የደረሰችበት እሷ ናት። ከቸርቻቸው መዘምራን ሁለቱ በድብቅ መተጫጨታቸውን፣ ገና ለሽማግሌዎቹ ሳይናገሩ፣ ከአቋቋማቸው ብቻ ያወቀችውም እሷ ናት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ከአፏ አይጠፋም።

አንድ ማለዳ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደውን ቁልቁለት ስትወርድ የሞተሯን የፊት ፍሬን ልትይዝ ጣቶቿን ዘረጋች። መያዣው በለመደችው ቦታ አልነበረም። ጣቷ አየር ዳበሰ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ አገኘችው። ሞተሩን ዳር አስያዘችና አየችው። መያዣው ወደ ታች ዘንበል ብሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ብሎኑ ላልቶ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ኢየሩ ግን ይዛ ነቀነቀችው፤ ንቅንቅ አላለም። የላላ ነገር ይወዛወዛል፤ ይሄ ግን ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል።

«የሰው እጅ ነው» አለች ለራሷ። ከወንበሩ ሥር መፍቻ አውጥታ ወደ ቦታው መለሰችው።

ኢየሩ አዲሱ ገበያ አካባቢ ላለ አንድ የግል ላቦራቶሪ ናሙና የምታመላልስ ሞተረኛ ናት። ከዊንጌት፣ ከሽሮ ሜዳ፣ እስከ እንጦጦ ወገብ ድረስ ካሉ ክሊኒኮች የደም ናሙና በቀዝቃዛ ሣጥን ይዛ ትመጣለች። ሥራዋ በማለዳ ስለሚጀምር ሞተሩ እሷ ዘንድ ነው የሚያድረው፤ ከባሏ ከሲላስ ጋር ጉለሌ ውስጥ በተከራዩት ግቢ። ቀን ደግሞ ከላቦራቶሪው ጀርባ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ይቆማል፤ ቁልፉ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። የፈለገ ያነሳዋል።

ሞተሩ ከእሷ በፊት የአድነው ነበር። አድነው በላቦራቶሪው ሌላው ሞተረኛ ነው፤ ቁመቱ የረዘመ፣ ቀልድ የሚወድ ወጣት። ኢየሩ ስትቀጠር አለቃቸው አቶ አለማየሁ «ሴት ልጅ መንገድ ላይ ሞተር ቆሞባት መገፋፋት የለባትም» ብለው አዲሱን ለእሷ፣ ጠዋት ጠዋት ካልለመኑት የማይነሳውን አሮጌውን ለአድነው ሰጡ። አድነው ምንም አላለም። ኢየሩ ደግሞ ምንም ያላለ ሰው ነው የሚያስፈራኝ ትላለች።

ሞተሩ ለአድነው ክንድ የተገጠመ ስለነበረ ለእሷ አይመችም። አጭር ስለሆነች መሪው ላይ ለመድረስ ወደ ፊት ትንጠራራለች፤ የእጇ አንጓ ቀኑን ሙሉ እንደተሰበረ ይውላል። ማታ ማታ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ። ለማንም ግን አልተናገረችም። ለአድነው ብትነግረው ይስቃል። ለሲላስ ብትነግረው «አላልኩሽም?» ይላል። ሲላስ በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው፤ ገና ሥራውን ስትጀምር «ሞተር ለሴት አይሆንም» ብሎ ከርሞባታል። እሷም አንድ ቀን መሯት «ሞተሬን እንዳትነካ፤ ስለ ሞተሬም እንዳታወራኝ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አላነሳም።

በዚያው ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ አድነው ጥላው ሥር ተቀምጦ ሲበላ ሄዳ ቆመችበት።

«የሞተሬን ፍሬን የነካ ሰው አለ?»

አድነው ቀና እንኳ ሳይል ጉርሻውን አላመጠ። «ያ ሞተር እጄን ናፍቆ ይሆናላ» አለና ሳቀ።

ኢየሩ አልሳቀችም። ሁሉም እስኪገባ ጠብቃ ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣች። መሪው ከሞተሩ ጋር በሚታሰርበት ቦታ ላይ፣ ከማሰሪያው ጀምራ እስከ መሪው ቧንቧ የሚያልፍ አንዲት ቀጭን መስመር ሳበች። በፍሬኑ መያዣ ላይም እንዲሁ። መሪው ትንሽ ቢዞር መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። ለአንድም ሰው አልነገረችም፤ ለሲላስም ቢሆን።

ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ መስመሮቹን ታያለች። ልክ ናቸው። ከአድነው ጋር ስትገናኝ እጁን ታያለች፤ ጥፍሩ ሥር ቅባት ካለ ዛሬ ምን ሲፈታ ነበር ትላለች። ማታ ሲላስ ጋ ገብታ የምታወራው እሱኑ ነው። አድነው እንዲህ አለ፣ አድነው እንዲህ አየኝ፣ አድነው ዛሬ ቀድሞኝ ገባ። ሲላስ ዝም ብሎ ይሰማል።

አንድ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ እንጦጦ ላይ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ዝናብ ሳይቀድማት ለመድረስ ተጣድፋ ወጣች። መስመሮቹን አላየችም፤ ትናንት ማታም ደክሟት ሳታያቸው ነበር የገባችው። ያን ዕለት መንገዱ ቀሏት ነበር፤ ትከሻዋ አልተሳበም፣ እጇም አልደነዘዘም። ደህና እንቅልፍ ስለተኛሁ ነው አለች።

እንጦጦ ወገብ ላይ ያለው ክሊኒክ በሩ ገደል አፍ ላይ ነው። ናሙናውን ተቀብላ ሣጥኑን ከኋላዋ አሰረችና ለመመለስ እዚያው ጠባቡ መንገድ ላይ ሞተሩን ማዞር ነበረባት። በቀስታ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አጠፈችው። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ፣ እሷ ነዳጅ ሳትሰጠው፣ በራሱ ጮኸ። ጮኸና ተፈናጠረ። ወደ ገደሉ።

ቀኝ እግሯን ይሁን ግራ እጇን የትኛውን እንደተጠቀመች በኋላም ልታስታውሰው አልቻለችም። ያዳናት የሰው ሸክም ነው። እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ለማረፍ ሸክማቸውን መንገዱ ጠርዝ ላይ አውርደው ነበር። ሞተሩ አንዱን የባሕር ዛፍ ቅጠል ክምር ገጭቶ ተኛ፤ ኢየሩም ከነሄልሜቷ ቅጠሉ ውስጥ ገባች።

«ወይኔ ልጄን! ወይኔ ልጄን!» እያሉ ሴቶቹ ጎትተው አወጧት። ጉልበቷ ተልጧል፤ የግራ እጇ አንጓ ሲያዩት ያብጣል። ሣጥኑ ተከፍቶ ጥቂት ብልቃጦች ተሰብረዋል። ከክሊኒኩ በር ላይ ባዶ ሆዳቸውን መጥተው ገና አሁን ደም የሰጡ አንድ ሽማግሌ ክንዳቸው ላይ ያለችውን ጥጥ እንደያዙ ብልቃጦቹን እያዩ «እንደገና ልትወጉኝ ነው?» አሉ። ኢየሩ ከጉልበቷ ይልቅ ይህ አመማት።

ከዚያ ጎንበስ ብላ መስመሮቹን አየች። ሁለቱም ተከፍለዋል። ቀዩ ግማሽ እዚህ፣ ቀዩ ግማሽ እዚያ፤ መሪው እንዳለ ወደ ኋላ ዞሯል። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳች።

ላቦራቶሪው ስትደርስ ልብሷ ጭቃ፣ ፊቷ አመድ ነበር። አቶ አለማየሁ ከቢሮ ወጡ፤ ሠራተኛው ተሰበሰበ።

«ትናንት ምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ብቻህን ነበርክ» አለችው አድነውን።

«ነበርኩ። ምን ሆንሽ? ማን ገጨሽ?»

«አንተ ነህ የገጨኸኝ። መሪዬን ያዞርከው አንተ ነህ። ሞተሩ እጄን ናፍቋል አላልክም? ሁሉም ሰምቷል።»

አድነው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ፎቶውን ስታሳየው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ጠረጠርሽኝ? ጠርጥሪ» አለ። «አየሁህ እንዳትይ ግን። አላየሽም።»

አቶ አለማየሁ ነገሩ እስኪጣራ ቁልፉን አስረክቦ ቤቱ እንዲቆይ ነገሩት። አድነው ሄልሜቱን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ አልወረወረውም፤ በቀስታ ነው ያስቀመጠው። ከዚያ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ኢየሩ ሌባ የሚጮኸው ሲይዙት ነው፤ ይሄ ለምን አልጮኸም አለች በልቧ። ግን ቁጣዋ በዛና ሐሳቡን ገፋችው።

ሞተሩን ሌላ የሥራ ባልደረባዋ ነድቶ ግቢዋ ድረስ አደረሰላት፤ አቶ አለማየሁም መካኒክ እስኪያየው ማንም እንዳይነካው አሉ። ሲላስ ከሥራ ገብቶ ሲያያት ቆሞ ቀረ። ከዚያ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክሮ እጇን አሰረላት። «ጭንቅላትሽን አልተመታሽም?» አላት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። እንዴት ወደቅሽ አላለም፤ የት ወደቅሽ አላለም።

«ገደል አፍ ላይ ነው የጣለኝ። አድነው ነው» አለችው። «አቶ አለማየሁ አገዱት።»

ሲላስ ሊጠጣ ያነሳውን ብርጭቆ መልሶ አስቀመጠው። «ምናልባት በራሱ ላልቶ ይሆናል።»

«ብሎን ራሱን ፈትቶ ራሱን ያጠብቃል?»

ያን ማታ እራት ላይ እጁ ከሳህኑ ሲርቅ አየችው። አዝኖልኝ ነው ብላ አለፈችው።

በማግስቱ እረፍት ተሰጥቷት ቤት ዋለች። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ መካኒኩ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ፎቶ ላንሳ ብላ ወደ ሞተሩ ሄደች። ጎንበስ አለች። ቀና አለች። እንደገና ጎንበስ አለች።

መስመሮቹ ገጥመዋል። ከማሰሪያው እስከ መሪው፣ አንድ ቀጭን ቀይ መስመር፤ ያልተነካ ይመስል። ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ ከፍታ አስተያየች። ፎቶው ላይ የተከፈለ ነው፤ ዓይኗ ሥር ግን የገጠመ።

አድነው እዚህ ግቢ እግሩ ደርሶ አያውቅም።

ግቢው ውስጥ ከእነሱ ሌላ የሚኖሩት አከራያቸው እትዬ አፀደ ብቻ ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘቻቸው።

«እትዬ፣ ይሄን ሞተር የነካ ሰው አይተዋል?»

«በስመ አብ! እኔን ነው የምትጠይቂኝ? ምን ላደርገው፣ ልጋልበው?» አሉ ተቆጥተው። ከዚያ ጎመኑን አስቀምጠው ትኩር ብለው አዩዋት። «ባልሽ ነዋ። አንቺ ጠዋት ስትታጠቢ እሱ ሁልጊዜ እሱ ላይ እንደተጎነበሰ ነው። ዛሬም አንቺ ተኝተሽ መፍቻ ይዞ ነበር። አንቺ ያዘዝሽው መስሎኝ!»

ኢየሩ እዚያው ቆማ ቀረች። ሲላስ። «ሞተር ለሴት አይሆንም» ያለው ሲላስ። እንዴት ወደቅሽ ብሎ ያልጠየቀው ሲላስ። በዚያ ከሰዓት ውስጥ ስድስቱን የጋብቻ ዓመታቸውን እያገላበጠች ያላሰበችው ክፉ ነገር የለም። እንድተወው ፈልጎ ይሆን? ቢያስፈራራኝ እተወዋለሁ ብሎ? ወይስ ከዚያም የባሰ?

ሲላስ ሲገባ በሩ ላይ ጠበቀችው። ስልኩን ወደ ፊቱ ዘረጋችው።

«ይሄን የከፈልከውም፣ የገጠምከውም አንተ ነህ።»

አልካደም። ቦርሳውን አስቀምጦ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እጅሽን ስላመመሽ ነው» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«የድልህ ክዳን በጥርስሽ ስትከፍቺ አየሁ። ስንጸልይ ደግሞ እጅሽን ስይዘው ትሸሺኛለሽ። መጀመሪያ...» ቆመ። «መጀመሪያ ሌላ ነገር ጠርጥሬ ነበር።»

«ምን?»

«ማታ ማታ አፍሽ ላይ ያለው አንድ ስም ነው፤ አድነው፣ አድነው። እጅሽን ደግሞ ከእኔ ትነጥቂያለሽ። እኔ ምን ልበል? ኋላ አንድ ቀን ተኝተሽ ጣትሽን እያሻሸሽ ስታቃስቺ ሰማሁ። ያኔ ገባኝ፤ አፈርኩም። አትንካ ስላልሽኝ በድብቅ ፍሬኑን ዝቅ አደረግኩልሽ። መልሰሽ ከፍ አደረግሽው። መሪው ራሱ ርቆሽ ነው ብዬ ወደ አንቺ አመጣሁት። ስትወድቂ ደግሞ ቀዩን መስመር እያየሁ ወደ ቦታው መለስኩት። በቃ ይኸው ነው።»

«ወይስ ወድቄ እንድተወው ነው?»

ሲላስ በጥፊ እንደተመታ ሰው አያት። ኢየሩ ግን ፊት አይታ የምታምን ሴት አይደለችም። መፍቻውን አምጥታ እጁ ላይ አኖረች። «ና አሳየኝ። ያደረግከውን ሁሉ፣ እንዳደረግከው።»

አራቱን ብሎኖች አላላ፤ መሪውን ወደ ወንበሩ ሳበ፤ ፍሬኑን አስተካከለ፤ አጠበቀ። «ከዚያስ?» አለችው። «ከዚያማ ጠርጌው ገባሁ» አላት።

«አስነሳው። አሁን ወደ ግራ እጠፈው። እስከ መጨረሻው።»

ሲላስ ሞተሩን አስነሳና መሪውን አጠፈ። ነዳጅ መስጫውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ፣ የነዳጅ ካቦው፣ መሪው ከቦታው ስለተነሳ፣ ተወጥሮ እንደ ክራር ክር ቀጥ አለ። ሞተሩም ማንም ሳይነካው ግቢውን አናወጠው። ሲላስ እጁን ከእሳት እንደሚያነሳ ለቀቀው። ጥቂት ቆሞ ካቦውን አየ፤ ከዚያ የታሰረ እጇን አየ፤ ሞተሩን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «ገደሉ አፍ ላይ እንዲህ አደረገሽ?» አለ።

ሰው አስቦ ያደረገውን ነገር ሲያይ እንዲህ አይደነግጥም። ኢየሩ ይህን አመነች። ሌላ ጥያቄ ግን ነበራት።

«አድነው ታገደ ስልህ ብርጭቆህን አስቀመጥክ። ያኔ አውቀሃል። ለምን ዝም አልክ?»

«ፈራሁ።»

«ፍርሃት ብቻ ነው?»

ሲላስ መፍቻውን መሬት ላይ አኖረ። «አይደለም» አለ። «ስሙን ከእንግዲህ አልሰማም ብዬ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር መሰለኝ።»

ኢየሩ ተናዳ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ግን ያንን ስም ግቢው ድረስ ያመጣችው፣ በሰው ሁሉ ፊት የጮኸችበትም እሷ መሆኗ ትዝ አላትና አፏን ዘጋች።

በማግስቱ ሁለቱም ላቦራቶሪው ሄዱ። አድነው ተጠርቶ መጥቶ ነበር፤ እጁን አጣምሮ ግድግዳ ተደግፏል። ሲላስ ኮፍያውን አውልቆ በሁሉም ፊት «መሪውን የነካሁት እኔ ነኝ፤ መልሼ የገጠምኩትም እኔ ነኝ፤ ልጁ ምንም አያውቅም» አለ። ኢየሩም ቀጠለች፤ «እኔም ሳላይ አየሁ ያልኩ ያህል ነው። አድነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አለች። እነዚያን ቃላት ለማውጣት እንዴት እንደከበዳት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

አቶ አለማየሁ ተንፈስ ብለው «እንግዲህ አድነው...» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ አድነው አቋረጣቸው።

«አቶ አለማየሁ፣ እርስዎ ይቆዩኝ። እኔ የምኖረው ቀጨኔ ነው። ሰፈሬ ውስጥ የሴት ልጅ ሞተር አበላሽቶ ሊገድላት ነበር ይባላል። እናቴ ከቤት መውጣት ትታለች። እዚህ የተናገራችሁትን እዚያ መጥታችሁ ተናገሩ።»

ሄዱ። የአድነው እናት እስከ መጨረሻው ሰሟቸው፤ የጎረቤት ሴቶችም በር ላይ ቆመው ሰሙ። እናትየው አልተሳደቡም፤ አልመረቁምም። «እግዜር ይይላችሁ» ብቻ ብለው ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ።

የእጇ እብጠት ሲጎድል ዊንጌት አጠገብ ያለ ጋራዥ ሄደች፤ ሲላስም ፈቃድ ጠይቋት ተከተለ። ጋሽ ታረቀኝ የሚባሉት መካኒክ ሞተሩ ላይ አስቀመጧትና «መሪውን አትዪው። ዓይንሽን ጨፍነሽ እንደሚመችሽ እጅሽን ዘርጊ» አሏት። እጇ ያረፈበትን ቦታ በዓይናቸው ለክተው መሪውን ወደዚያ አመጡ። «ከክርንሽ እስከ ጣትሽ ቀጥ ይበል። አንጓሽ ከታጠፈ ነው የሚደነዝዝሽ።» መያዣዎቹን ጣቷ እንዲደርስባቸው አቀረቡላት። የነዳጁን ካቦ ከታሠረበት ፈትተው በሌላ በኩል አሳለፉት። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው መሪውን እስከ ግራ ጫፍ፣ እስከ ቀኝ ጫፍ አዞሩ። የሞተሩ ድምፅ አልተለወጠም። ኢየሩ «አንዴ ይድገሙልኝ» አለቻቸው፤ ደገሙላት። ከዚያ ራሷ አዞረችው። ከዚያ ሲላስን «አንተም አዙረው» አለችው።

አድነው ሥራውን ቀጠለ። አቶ አለማየሁ አዲሱን ሞተር ልስጥህ ቢሉት እምቢ አለ፤ አሮጌውን መረጠ። ኢየሩ ሰላም ስትለው በአንገቱ ይመልሳል፤ ቀልዱን ግን ለሌሎች ነው የሚያወራው። እሷ ስትመጣ ወሬው ይቋረጣል። ይገባኛል ብላ ተቀበለችው፤ ቢሆንም ያማታል።

አንድ ቀን ዝናብ ሲያባራ ሁለቱም ጥላው ሥር ተገናኙ። አድነው ሄልሜቱን እያሰረ፣ ፊቱን ወደ እሷ ሳያዞር «የኋላ ፍሬንሽ ይጮኻል። አሳዪው» አለና ሄደ።

ኢየሩ ቁልፉን እንደያዘች ቆመች። ለምን ነገረኝ? መቼ ነው የሰማው? ሞተሬን ሲያይ ነበር ማለት ነው? ከሰዓቱን ሙሉ ያንን ስታመላልስ ዋለች። ከሥራ ስትወጣ ግን በቀጥታ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ጋሽ ታረቀኝ ጋ ጎራ አለች። ጎማውን አወጡት። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ለብረት ሊገናኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

«ማን ነገረሽ?» አሏት።

«የሥራ ባልደረባዬ» አለች ኢየሩ።